ስሎቮ፦ ከጆሮ የተወለደ ቃል

ከጥቂት ወራት በፊት በአንድ ቡና ቤት ተቀምጬ ማኪያቶዬን ስጠባበቅ ከአጠገቤ ካለው ጠረጴዛ የሁለት ሰዎች ሙግት ወደ ጆሮዬ ገባ። አንደኛው በወጣትነታቸው ኪየቭ ሄደው የተማሩ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሰው ነበሩ። ሁለተኛው ልጃቸው ሊሆን የሚችል ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ስላቭ ማለት እኮ ባሪያ ማለት ነው፤ እንግሊዝኛው ራሱ ይመሰክራል» አለ ወጣቱ። ሽማግሌው ስኒያቸውን ቁጭ አድርገው፣ «አንተ ልጅ፣ አምስት ዓመት ሙሉ ዳቧቸውን የበላሁት እኔ ነኝ። ስላቫ ክብር ነው፣ ዝና ነው። ስላቭ ማለት የተከበረ ሕዝብ ማለት ነው» ሲሉ መለሱለት። አንዱ ሌላውን ሳይረታ ሒሳብ ተከፈለና ተለያዩ።

ሙግቱ ግን ከእኔ ጋር ቀረ። ሁለቱም የዋዛ ሰዎች አልነበሩም፤ ሁለቱም ጥቂት ጥቂት እውነት ይዘዋል። ነገር ግን ሁለቱም የቃልን ዘር የቆጠሩት በድምፅ መመሳሰልና በትርጉም ማማር ወይም መክፋት ነው። እንዲህ ያለው አቆጣጠር በእኛም አገር እንግዳ አይደለም። የአንድን ሕዝብ ወይም የአንድን ቦታ ስም ለሁለት ሰንጥቆ፣ ከየግማሹ ደስ የሚል ትርጉም አውጥቶ፣ በዚያ ላይ ታሪክ የሚያንጽ ሰው በየጊዜው ያጋጥመናል። ስለዚህ የማነሳው ጉዳይ ከሩቅ አገር ቢመጣም ጥያቄው የቅርብ ነው፤ «የዚህ ቃል ዘር ይህ ነው» ብሎ አፍ ሞልቶ ለመናገር ምን ዓይነት ምስክር ያስፈልጋል? በእኔ አስተያየት ታማኙ ምስክር የቃሉ ትርጉም ሳይሆን ሰዋስው ነው። ይህንንም ሁለቱ ተሟጋቾች ስሙን ሳያነሡት በመካከላቸው ተቀምጦ በነበረ በአንድ ቃል፣ በ«ስሎቮ» ላይ ለማሳየት እሞክራለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮከብ ያለበት ቃል

በሞስኮ፣ በሌኒንግራድ ወይም በኪየቭ የተማሩ ወገኖቻችን «ስሎቮ»ን ያውቁታል፤ ቃል ማለት ነው። መዝገበ ቃላቱም ከዚሁ ወጥቶ «ስሎቫር» ይባላል። ዩክሬናዊው፣ ቼኩ፣ ስሎቫኩና ፖላንዳዊውም በየአነጋገራቸው ቃልን የሚጠሩት በዚሁ ነው። ወደ ደቡብ ሲወርዱ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለሰርቡና ለክሮአቱ «ስሎቮ» አንድ የፊደል ሆሄ ነው። ለቡልጋሪያዊው በአደባባይ የሚደረግ ንግግር ነው። ለስሎቬናዊው ደግሞ ስንብት ነው፤ ሰው ከሰው ሲለያይ የሚወስደው የመሰናበቻ ቃል።

ልጁ በአንዱ ቤት ቃል፣ በሌላው ሆሄ፣ በሦስተኛው ንግግር፣ በአራተኛው ስንብት ሆኖ ከተገኘ ወላጁ ምን ነበር? ወላጁ የተነገረበትን ቋንቋ ሊቃውንቱ ጥንተ ስላቭኛ ይሉታል። ዛሬ የምናያቸው የስላቭ ቋንቋዎች ሁሉ የተከፈሉት ከእሱ ነው። ችግሩ በዚያ ቋንቋ የተጻፈ አንድ መስመር እንኳ አለመኖሩ ነው። ስላቮች ለቋንቋቸው የሚሆን ፊደል ያገኙት በዘጠነኛው መቶ ዘመን፣ የተሰሎንቄዎቹ ወንድማማቾች ቄርሎስና ሜቶድዮስ በ863 ገደማ ለስብከት ወደ ሞራቪያ ሲላኩ ነው። በዚያን ጊዜ ቋንቋው መከፋፈል ጀምሯል።

ስለዚህ በጥንተ ስላቭኛ የሚቀርብ ቃል ሁሉ በስተግራው ኮከብ ይደረግበታል፦ *ስሎቮ። ኮከቧን በዚህ ሥራ ላይ ያስለመደው ጀርመናዊው አውጉስት ሽላይኸር (1821–1868) ነው። መልእክቷም «ይህን ቃል ተጽፎ ያየው ሰው የለም፤ ልጆቹን አይተን የአባታቸውን መልክ ገምተናል» የሚል ነው። ሽላይኸር በሞተበት ዓመት ከዚህም አልፎ ከስላቭኛ፣ ከግሪክኛና ከሳንስክሪት በላይ ባለው በጥንቱ የኢንዶ አውሮፓ ቋንቋ ስለ አንዲት በግና ስለ ፈረሶች አጭር ተረት ደረሰ። ከእሱ በኋላ የመጡ ሊቃውንት ተረቱን ደጋግመው ጻፉት። በጓ ያችው በግ፣ ፈረሶቹም ያው ፈረሶች ናቸው፤ ቃላቱ ግን ዕውቀቱ በተሻሻለ ቁጥር ይለወጣሉ። እንግዲህ ኮከቧ ጌጥ አይደለችም። የምሁሩ ትሕትና ማኅተም ናት።

በእነዚህ ኮከቦች መካከል ዕድሜውን ከጨረሱት አንዱ ማክስ ፋስመር ነው። በ1886 በፒተርስቡርግ ተወልዶ ኑሮውን በርሊን ያደረገው ይህ ምሁር፣ ለሩስያኛ ቃላት አመጣጥ መዝገብ ለዓመታት ያጠራቀመው ጽሑፍ ከመጻሕፍቱ ጋር በ1944 መጀመሪያ በወረደ ቦምብ ወደመበት። እንደገና ጀመረ። መዝገቡ ከ1950 እስከ 1958 በሃይደልበርግ ታተመ፤ ኦሌግ ትሩባቾቭ ደግሞ ወደ ሩስያኛ መልሶ፣ የራሱን ጨምሮበት፣ ከ1964 እስከ 1973 በአራት ቅጽ አወጣው። የእኛው አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ከመምህራቸው ከክፍለ ጊዮርጊስ የተረከቡት የግዕዝ መዝገበ ቃላት፣ እሳቸውም ካረፉ በኋላ በደስታ ተክለ ወልድ ድካም ለኅትመት መብቃቱን ለሚያስታውስ አንባቢ፣ መዝገበ ቃላት ከአንድ ሰው ዕድሜ የሚረዝም ሥራ መሆኑ አዲስ ነገር አይሆንበትም።

የጠፋችው «ስ»

በእንዲህ ያሉ መዝገቦች ውስጥ *ስሎቮ የሚይዘው ቦታ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። መጀመሪያ ጾታው፣ ቀጥሎ የእርባታ ክፍሉ፣ ከዚያም የእህትማማች ቋንቋዎች ዝርዝር በምሕጻረ ቃል ይደረደራል። ተራው አንባቢ እነዚህን ምሕጻሮች ዘሎ ወደ ትርጉሙ ይሮጣል። የቡና ቤቱ ስሕተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ምስክሩ ያለው በተዘለለው መስመር ውስጥ ነውና።

ጥንተ ስላቭኛ ስሞቹን በሦስት ጾታ ይከፍላቸዋል፤ ወንድ፣ ሴት፣ ወንድም ሴትም ያልሆነ። *ስሎቮ የሦስተኛው ወገን ነው። ስም ሁሉ በዐረፍተ ነገር ውስጥ እንደያዘው ሙያ መጨረሻው ይለዋወጣል። ቃሉ ባለቤት ሆኖ ሲቆም «ስሎቮ» ነው። «የቃል» ለማለት «ስሎቬሴ» ይሆናል፤ «ለቃል» ለማለት «ስሎቬሲ»፤ «ቃላት» ለማለት «ስሎቬሳ»። ለሁለት ነገር ብቻ የሚያገለግል የተለየ ቁጥርም ነበረው፤ በዚያም ውስጥ ይህችው «ስ» አለች። አንባቢ ልብ ይበል፤ ቃሉ ብቻውን ሲቆም መጨረሻው ላይ «ስ» የለም፤ ጭራ ሲበጅለት ግን ከየት መጣች ሳይባል ብቅ ትላለች።

የቸኮለ ሰው «ስ» በኋላ የተጨመረች ናት ይል ይሆናል። እውነቱ ግልባጩ ነው። አልተጨመረችም፤ ከመጀመሪያው ነበረች። ጥንተ ስላቭኛ በዕድገቱ ዘመን በቃል መጨረሻ የሚገኙ ተነባቢዎችን እያራገፈ ሄዷል፤ እያንዳንዱ ክፍለ ድምፅ በአናባቢ እንዲዘጋ የሚፈልግ ቋንቋ ነበር። በ«ስሎቮ» ጫፍ ላይ የነበረችው «ስ» በር ላይ ስለቆመች ተባረረች። በ«ስሎቬሴ» ውስጥ ያለችው ግን ግራና ቀኝ በአናባቢ ታቅፋ ከቤት ውስጥ ስለነበረች ተረፈች።

ይህ ለአማርኛ ተናጋሪ እንግዳ ሊሆንበት አይገባም። «ሰበረ፣ ሰብሮ፣ መስበር» እንላለን። «ሰማ» ላይ ስንደርስ ግን «ሰምቶ፣ መስማት» ነው የምንለው። ይህች «ት» ምን ልትሠራ መጣች? ግዕዙን ስንጠይቅ «ሰምዐ» ይለናል። አማርኛ በጉሮሮ የምትነገረውን «ዐ» ከጣለ በኋላ ባዶ የቀረውን ቦታ «ት» ሸፈነችው። የጠፋ ተነባቢ መቃብሩ የሚታወቀው በእርባታው ውስጥ ነው። የስላቭኛዋም «ስ» እንዲሁ ናት።

ብቻዋንም አይደለችም። ሰማይ «ኔቦ» ሆኖ ሰማያት «ኔቤሳ» ናቸው፤ ተአምር «ቹዶ» ሆኖ ተአምራት «ቹዴሳ»። እነዚህን ሩስያዊው እስከ ዛሬ እንዲሁ ይላቸዋል። «ስሎቮ» ራሱ ግን በሩስያኛ ከብዙኃኑ ስሞች ጋር ተቀላቅሎ «ስ»ን ጥሏታል፤ ቃላት ዛሬ «ስሎቫ» ይባላሉ። ፍንጯ የቀረችው ለሥነ ጽሑፍ በተሰጠው በነባሩ ስም በ«ስሎቬስኖስት» ውስጥ ነው። ቼኩም ግሥን «ስሎቬሶ» ይለዋል፤ ስሎቬናዊውም ያንን የስንብት ቃሉን ሲያረባ «ስሎቬሳ» ይላል።

አሁን ወደ ግሪክ እንሻገር። በሆሜር ቅኔ ውስጥ «ክሌኦስ» የሚባል ቃል አለ፤ ዝና ማለት ነው። የ«ክሌኦስ» መጨረሻ «ስ» ናት፤ ቃሉ ሲረባ ግን ትጠፋለች። ምክንያቱም ግሪክኛ በሁለት አናባቢ መካከል የምትገኝን «ስ» አይወድም፤ በቃል ጫፍ ያለችውን ግን ይጠብቃል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ስላቭኛ የበሩን «ስ» አባርሮ የቤቱን አስቀረ፤ ግሪክኛ የቤቱን አባርሮ የበሩን አስቀረ። የጥንቱ የሕንድ ቋንቋ ሳንስክሪት ደግሞ «ሽራቫስ» ይላል፣ ሲያረባውም «ሽራቫሳስ»፤ ሁለቱንም አስቀምጧል። በሺህ ዓመታት የተራራቁ ሦስት ወንድማማቾች የአንድ አባት ኑዛዜን ቅዳጆች በየእጃቸው ይዘው እንደመገናኘት ነው። ቁርጥራጮቹ ጫፍ ለጫፍ ገጠሙ።

የቀረውም ይገጥማል። ስላቭኛ «ስ» በሚልበት፣ ሳንስክሪት «ሽ»፣ ግሪክኛ «ክ» ማለታቸው በዚህ ቃል ብቻ የታየ አይደለም። ዐሥርን ሩስያዊው «ዴስያት»፣ ሕንዳዊው «ዳሻ»፣ ግሪካዊው «ዴካ» ይለዋል። «ኤ» ከ«ው» በፊት ስትመጣ በስላቭኛ «ኦ» መሆኗም ሕግ ነው፤ ግሪክኛ «ኔኦስ» የሚለውን «አዲስ»፣ ሩስያኛ «ኖቪ» ይለዋል። ስለዚህ *ስሎቮ፣ ክሌኦስና ሽራቫስ ሦስቱም «ክሌዎስ» ከሚል አንድ ጥንታዊ ቃል ወረዱ ብንል፣ የምናምነው ስለሚያምር ሳይሆን እያንዳንዱ ድምፅ ሌላ ቦታ በታየ ሕግ ስለሚሄድ ነው።

ሁሉም ነገር አልቋል ማለት ግን አይደለም። በዚያው በጥንቱ «ኦስ» ያልቁ የነበሩ የወንድ ጾታ ስሞች በስላቭኛ መጨረሻቸው «ኦ» አልሆነም፤ እጅግ አጭር የሆነች ሌላ አናባቢ ነች የቀረችው። ታዲያ *ስሎቮ ለምን «ኦ»ን ያዘ? ይህ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ኮከቧም የምትቆመው እንዲህ ላለው ጥያቄ ቦታ ለመተው ነው።

ከዝና ወደ ቃል

ለመሆኑ «ክሌዎስ» ምን ማለት ነበር? ሥሩ «መስማት» የሚል ግሥ ነው። ከዚያው ሥር ስላቭኛ «ስሉሽ» እያለ መስማትንና ማዳመጥን ያረባል። ስለዚህ «ክሌዎስ» ማለት የተሰማ ነገር ማለት ነው፤ ስለ ሰው የሚሰማ ወሬ፣ ሲሰፋም ዝና። የሆሜር አኪሌስ ከሁለት አንዱን እንዲመርጥ ዕጣ ወድቆበታል፤ አገሩ ተመልሶ ስሙ ሳይሰማ ዕድሜ ይጥገብ፣ ወይም በትሮይ በለጋነቱ ይሙትና የማይሞት ክሌኦስ ይትረፈው። ያ «የማይጠፋ ዝና» የሚለው አነጋገር ከነቅጽሉ በሕንድ ቬዳ መዝሙር ውስጥ መኖሩን አዳልበርት ኩን በ1853 አመልክቷል። ይህ ከሆነ ግሪክና ሕንድ ሳይለያዩ በፊት የዘፈኑ ባለቅኔዎች ነበሩ ማለት ነው።

ስላቮች ይህን ዝና ወዴት አደረሱት? ከዚያው ሥር፣ አናባቢውን አስረዝመው፣ «ስላቫ» የሚል ሌላ ቃል አወጡና የዝናን ሥራ ለእሱ ሰጡት። ያሮስላቭ፣ ስቭያቶስላቭ፣ ቭላዲስላቭ የሚሉት የመሳፍንት ስሞች የተሠሩት በዚህ ነው፤ ግሪኮችም ፔሪክሌስና ሶፎክሌስ ሲሉ በዚያው ሥር ነው የሚጠቀሙት። ነባሩ *ስሎቮ ግን ዝናውን ለታናሹ አስረክቦ እሱ ወደ ቀድሞው ተራ ሥራው ተመለሰ፤ የተሰማ ነገር፣ የተነገረ ነገር፣ ቃል።

እዚህ ላይ በመዝገቦቹ ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ። ለድምፁና ለእርባታው የሚጠነቀቁትን ያህል ለትርጉሙ ጉዞ አይጨነቁም። በአንድ በኩል «ዝና»፣ በሌላ በኩል «ቃል» ብለው ያስቀምጡና አንባቢውን ወንዝ ዳር ትተውት ይሄዳሉ። ድልድዩ ግን አለ። «ስሉቲ» የሚባል የስላቭኛ ግሥ አለ፤ «መባል፣ እየተባለ መታወቅ» ማለት ነው። ሰው «እንዲህ ተባለ» ሲባል ዝናም ነው፣ ንግግርም ነው። የጥንቱ የፋርስ ወገን የአቬስታ ቋንቋ የዚህኑ ቃል ወንድም ለ«ቃል»ና ለ«ትምህርት» ማዋሉም ስላቭኛ በዚህ መንገድ ብቻውን እንዳልሄደ ያሳያል። ይህን በሁለት መስመር መናገር መዝገቡን አያሰፋውም፤ አንባቢውን ግን ወንዙን ያሻግረዋል።

የቡና ቤቱ ሙግት ሲዳኝ

አሁን ወደ ሁለቱ ተሟጋቾች እንመለስ። ወጣቱ «ስላቭ ማለት ባሪያ ነው» ሲል ልጁን አባት አድርጎታል። በስድስተኛው መቶ ዘመን የግሪክና የላቲን ጸሐፊዎች ይህን ሕዝብ በስሙ ሲጠሩት፣ «ስል» ብሎ ቃል መጀመር ለአፋቸው ስላልተመቸ «ክ» ሰንቅረው «ስክላቬኒ» አሉት። በኋላ በመካከለኛው ዘመን ከዚህ ሕዝብ ብዙዎች በጦርነት እየተማረኩ በባርነት ስለተሸጡ የሕዝቡ ስም በምዕራብ አውሮፓ ቋንቋዎች የባሪያ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። ስሙ ከባርነት አልመጣም፤ ባርነቱ ነው በስሙ ላይ የተለጠፈው። በዚህ ውስጥ ያለው ግፍ የቋንቋ ብቻ አይደለም፤ ወጣቱ ያንን ግፍ እንደ ትርጉም አድርጎ ደገመው።

ሽማግሌውም ቢሆኑ አላመለጡም። ከእሳቸው ጋር ትልቅ ሰው ቆሟል፤ ስሎቫካዊው ባለቅኔ ያን ኮላር በ1824 ባሳተመው «የስላቫ ልጅ» በሚለው ሥራው የሕዝቡን ስም ከክብር ጋር አጋብቶታል። በዚያን ጊዜ ብዙዎቹ ስላቮች በሌሎች ነገሥታት ሥር ስለነበሩ የክብር ዘር መቁጠሩ ይገባል። እንደ ቅኔ አልነቅፈውም፤ እንደ ማስረጃ ግን አይቆምም። የቆየው የስሙ መልክ በ«ኦ» ነው፦ «ስሎቬኔ»። ስሎቫክና ስሎቬን የሚሉት ስሞች እስከ ዛሬ ይህን «ኦ» ይዘዋል። ሩስያኛ በ«አ» «ስላቭያኔ» ማለቱ የኋላ ለውጥ ነው። የሚያስገርመው፣ ሽማግሌው አምስት ዓመት በኖሩባት በኪየቭ የአገሩ ሰው በዩክሬንኛ «ስሎቭያኒ» ነው የሚለው። ዳቦውን በሉ፤ «ኦ»ዋን ግን አልሰሟትም።

ታዲያ «ስሎቬኔ» ከ*ስሎቮ ወጥቶ «ቃላችንን የሚናገሩ፣ የምንሰማማቸው» ማለት ነው? ብዙዎች እንዲህ ያምናሉ። የሚደግፋቸውም ስላቮች ጎረቤቶቻቸውን ጀርመኖችን «ኔምትሲ»፣ ማለትም ዲዳዎች፣ ማለታቸው ነው፤ እኛ ባለ ቃል፣ እነዚያ ዲዳ። ይህ ስም በቱርክ በኩል ሩቅ ተጉዞ ዐረቡ እስከ ዛሬ ኦስትሪያን «ነምሳ» ይላታል። ሌሎች ደግሞ የ«ስሎቬኔ» ቅጥያ በአብዛኛው የሚሰካው በቦታ ስም ላይ መሆኑን አንሥተው፣ ስሙ ከአንድ የወንዝ ወይም የሥፍራ ስም ሳይወጣ አይቀርም ይላሉ። እኔ ወደ ፊተኛው አዘነብላለሁ፤ ነገር ግን ሰዋስው ለሁለተኛው የሰጠውን ድምፅ መንጠቅ አልችልም። ፍርዱ ክፍት ነው።

እኛንም ተመሳሳይ ወጥመድ ይጠብቀናል። «ስም» እና «ሰማ» በአማርኛ ጆሮ ለጆሮ የሚተያዩ ቃላት ናቸው። ስም የሚሰማ ነገር ስለሆነ «ስም ከሰማ ወጣ» ቢሉን ሳናመነታ እንቀበላለን፤ እንዲያውም ከክሌዎስ ታሪክ ጋር አስተያይተን እንደነቃለን። ግዕዙ ግን እምቢ ይላል። «ሰምዐ» በ«ዐ» ይጨርሳል፤ «ስም» ውስጥ «ዐ» ኖሮ አያውቅም፤ ከስም የወጣው ግሥም «ሰመየ» ነው፣ በአማርኛ «ሰየመ» የምንለው። ትርጉሙ «ዘመዳሞች ናቸው» ሲል እርባታው «አይደሉም» አለ። የምናምነው እርባታውን ነው።

የኢጎር ዜና

ይህ ሁሉ ለሥነ ጽሑፍ ምን ይረባል የሚል ካለ አንድ ሥራ ልጥቀስ። የሩስያ ጥንታዊ ሥነ ጽሑፍ ራስ የሚባለው፣ ልዑል ኢጎር በ1185 ያደረገውን ያልተሳካ ዘመቻ የሚተርከው ድርሰት ርእሱ የሚጀምረው በ«ስሎቮ» ነው። ብራናው በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ተገኘ፣ በ1800 ታተመ፣ በ1812 በሞስኮ ቃጠሎ ነደደ። ብራናው ስለሌለ «የኋላ ሰው የፈጠረው ነው» የሚሉ ተነሡ፤ ክርክሩም ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘለቀ። በ2004 አንድሬይ ዛሊዝንያክ የሚባለው የቋንቋ ሊቅ ባወጣው መጽሐፍ ክርክሩን ወደ ሰዋስው አወረደው። የጥንት ቃላትን አስመስሎ መጻፍ ይቻላል፤ ነገር ግን በዐረፍተ ነገር ውስጥ ተለጥፈው የሚሄዱ ትናንሽ ቃላት በጥንቱ ሩስያኛ የት የት እንደሚገቡ የሚወስነውን ስውር ሕግ በ18ኛው መቶ ዘመን የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ድርሰቱ ግን ሕጉን ጠብቆ ተገኘ። ትልልቆቹ ቃላት ሊመሰክሩለት ያልቻሉትን ትናንሾቹ መሰከሩለት።

ርእሱን መተርጎምም ሌላ ፈተና ነው። እንግሊዝኛው አንዴ ተረት፣ አንዴ መዝሙር ይለዋል፤ ቭላዲሚር ናቦኮቭ በ1960 ያወጣው ትርጉም «መዝሙር» ነው ያለው። «ቃል» ብሎ መተርጎም ደግሞ ለእኛ ባዶ ይሆንብናል። እኔ ብጠየቅ «ዜና ኢጎር» ማለትን እመርጣለሁ። «ዜና» በግዕዝ የተሰማ ወሬም፣ የተጻፈ ታሪክም ነው፤ «ዜና መዋዕል» ስንል የምናስበው ይህንኑ ነው። አጠገቡም «ዝና» አለ። ወሬን፣ ትረካንና ክብርን በአንድ እስትንፋስ የሚይዝ፣ ለ*ስሎቮ ከሁሉ የሚቀርብ ቃል አለን፤ ማውጣት ብቻ ነው።

መጨረሻ

በገድሉ እንደተጻፈ፣ ቄርሎስ ፊደሉን ቀርጾ እንደጨረሰ መጀመሪያ የጻፈው የዮሐንስን ወንጌል መክፈቻ ነው። በዚያ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግሪኩ «ሎጎስ» ይላል። «ሎጎስ» የወጣው መሰብሰብን፣ መቁጠርንና መናገርን ከሚያጣምር ግሥ ነው። የግዕዝ ተርጓሚዎች ከዚያ ቀደም ብለው በዚህ ቦታ «ቃል»ን አስገብተዋል፤ «ቃል» ሥሩ ድምፅ ነው፣ ከአፍ የሚወጣ። ቄርሎስ ደግሞ ያስገባው «ስሎቮ»ን ነው፤ በጆሮ የተሰማውን። ከዚህ ተነሥቶ «ግሪክ አሰበ፣ ሐበሻ ተናገረ፣ ስላቭ አዳመጠ» ብሎ የሕዝቦችን ጠባይ ለመፍረድ የሚቸኩል አይጠፋም። እሱም የቡና ቤቱ ስሕተት ነው። ሩስያዊ «ስሎቮ» ሲል ጆሮውን አያስብም፤ እኛም «ቃል» ስንል ጉሮሯችንን አናስብም። የቃል ዘር የሕዝብን ጠባይ አይናገርም፤ የመጣበትን መንገድ ብቻ ይናገራል።

የሚያስደስተኝ ሌላ ነገር ነው። ለዘመናት ሳይጻፍ በአፍና በጆሮ ብቻ የኖረው ይህ ቃል፣ በትውፊቱ መሠረት በቋንቋው በተጻፈው በመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር ውስጥ ተገኘ፤ ሲረባም ያንኑ «ስሎቬሴ» እያለ፣ «ስ»ን ከእቅፉ ሳያወጣ። ከእሱ በፊት ያለውን ኮከብ ያረፈበትን ዘመን የምንገምተው በዚህች «ስ» ነው። ግዕዝ ከ«ሰምዐ» «ስምዕ»ን ያወጣል፤ ምስክርነት ማለት ነው፤ የሰማ ይመሰክራልና። ጋሼና ወጣቱ ዳግም ቢገናኙ የምመክራቸው ይህንኑ ነው፤ ስለ ቃል ዘር ከመማላችሁ በፊት፣ ቃሉ ሲረባ አዳምጡት።